ግዝት በፈረሰ ማግስት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር የቀድሞ ተማሪያቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ተማሪያቸው ዛሬ የሥነ አእምሮ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። መምህሩ ከኮት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ወረቀቱ በማስመሪያ ተሰምሯል።

መምህሩ፦ እሁድ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። የእህቴ ልጅ ነገር ተበላሽቷል። አንዱ ጸበል ይግባ ይላል፣ አንዱ ይገዘት ይላል፣ አሜሪካ ያለችው የአክስቱ ልጅ ደግሞ ማገገሚያ አስገቡት፣ እኔ እከፍላለሁ ትላለች። እኔ የምፈልገው አጭር ነገር ነው። ደርድሪልኝና አንደኛ የወጣውን ንገሪኝ።

ሲስተር፦ እነማንን አሰለፉ?

መምህሩ፦ ጸበል። ግዝት። አገር ቤት መላክ። ማገገሚያ። ኪኒን። ከዚህ በታች ያሉት ያቺ ልጅ የጻፈችልኝ ናቸው። «12ቱ ደረጃዎች»፣ «ሲ ቢ ቲ»፣ ደግሞ «አነቃቂ ቃለ መጠይቅ»። ይኼኛው የሬዲዮ ፕሮግራም መሰለኝ።

ሲስተር፦ ሁሉንም እንደርስባቸዋለን። መጀመሪያ ልጁን ይንገሩኝ። ጠዋት ሲነሳ እንዴት ነው?

መምህሩ፦ ማክሰኞ በቁርስ ሰዓት ሄጄ ነበር። እናቱ ሻይ ቀዳችለት። ብርጭቆውን አላነሳውም። እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር እንደደበቀ ጎንበስ ብሎ ከተቀመጠበት ፉት አለለት፣ እንደ ጥጃ። አናጺ ነው እኮ! ሚሊ ሜትር በእርሳስ የሚያሰምር ልጅ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጣ ብሎ ሲመለስ እጁ ጸጥ ብሏል፤ አፉ አረቄ አረቄ ይላል።

ሲስተር፦ ምሽቱስ?

መምህሩ፦ ከሰዓት ጫት ይቅማል። ማታ ምርቃናው እንዲሰበር ጨብሲ ይላሉ፣ ካቲካላ። ስንት መለኪያ እንደሆነ እግዜርም አያውቀው።

ሲስተር፦ እንግዲያው ከወረቀቱ በፊት አንድ ነገር እንነጋገር። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲጠጣ ደግሞ ጸጥ የሚል ሰው በአንድ ሌሊት ማቆም የለበትም።

መምህሩ፦ ማቆም የለበትም? እኛ የምንሰበሰበው እንዲያቆም አይደለም እንዴ!

ሲስተር፦ አረቄ ለአንጎል ፍሬን ነው ጋሼ። ፍሬኑ ዓመት ሙሉ ተይዞ ሲኖር አንጎልም ነዳጁን አጥብቆ እየረገጠ መኖር ይለምዳል። ፍሬኑን ድንገት ሲለቁት ነዳጁ ብቻ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ላብ፣ ትኩሳት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ሌሊቱን መሳት ሊመጣ ይችላል። ይኼ ይገድላል። በራፍ ቆልፎ «እስኪወጣለት» የጠበቀ ቤተሰብ አስከሬን ያወጣበት ጊዜ አለ።

መምህሩ፦ የእህቴ ባል ክፍል አዘጋጅቷል። ቁልፍም ገዝቷል።

ሲስተር፦ ቁልፉን ለሌላ በር ያድርገው። ሐኪም ቤት ዳያዜፓም በመጠን ይሰጠዋል፣ በየቀኑ እየተቀነሰ ጥቂት ቀን። ከዚያ ቢ ዋን የሚባለው ቫይታሚን፣ በመርፌ። አረቄ ምግብ ስለሚያስረሳ ቫይታሚኑ ያልቅበታል፤ ካልተተካ ማስታወስ የሚባለው ነገር እስከ ወዲያኛው ሊሄድ ይችላል። ይኼ ሁሉ ሲሆን ምክሩ ገና አልተጀመረም።

መምህሩ፦ (እርሳስ አውጥተው) ስለዚህ ጸበሉን ልሰርዘው።

ሲስተር፦ ማን ይሰርዙ አለዎት? ቅደም ተከተሉን ነው ያልኩት። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ይወሰዳሉ፣ አይጣሉም ብለው በይፋ ተናግረዋል። ያኔ መድኃኒቱን ጥለው እንጦጦ የወጡ ብዙ ነበሩ። ለመጠጥም እንደዚያው ነው። ሰውነቱ ይረጋ፣ ከዚያ ይጠመቅ። ጸበል ቦታ በሦስተኛው ቀን የሚጮኸውንና የሚለፈልፈውን ሁሉ ሰይጣን ነው ማለት ግን ያስፈራኛል። አንዳንዱ ፍሬን የተበጠሰበት አንጎል ነው።

መምህሩ፦ እሺ። አገር ቤትስ? አየሩ ይለወጥለታል።

ሲስተር፦ የት?

መምህሩ፦ አያቱ ዘንድ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ።

ሲስተር፦ አረቄው ከሚወጣበት ደጃፍ!

መምህሩ፦ (እየሳቁ) እውነትሽን ነው። የመጠጥ ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ከቴሌቪዥን ወጣ፤ አረቄ ግን ድሮስ መቼ ማስታወቂያ ፈልጎ ያውቃል?

ሲስተር፦ ሐሳብዎ ግን ከንቱ አይደለም። ቬትናም ከዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ገደማ እዚያ ሳለ የሄሮይን ሱሰኛ ሆኖ ነበር። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ አገራቸው ከገቡ በኋላ ተከታተለቻቸው። ሱስ ይዟቸው ከነበሩት መካከል በመጀመሪያው ዓመት ዳግመኛ ሱሰኛ የሆኑት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ቦታ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እነሱ የተመለሱት ሄሮይን በየጓዳው ወደማይገኝበት ሰፈር ነው። የእርስዎ ልጅ ወደ ጋኑ ነው የሚላከው።

መምህሩ፦ ተሰረዘ። አሁን ወደ ውድድሩ። እነዚህ ሦስቱ የፈረንጅ መላዎች ተፈትነው ያውቃሉ?

ሲስተር፦ ትልቁ ፈተና «ፕሮጀክት ማች» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ፤ ዋናው ውጤት በ1997 ታተመ። 1,726 ጠጪዎች ነበሩበት። በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ቡድን 12 ሳምንት ሲ ቢ ቲ ወሰደ፤ ይኼ ማለት መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር እንደሚጠጣ በደብተር እየጻፈ ሐራራው የሚነሳበትን ሰዓት ቀድሞ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው 12 ሳምንት ወደ «ስም የለሽ ጠጪዎች» ማኅበር የሚመራ ምክር ተሰጠው፤ «12ቱ ደረጃዎች» ያሉት ይኼ ነው። ሦስተኛው በዚያው 12 ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ ተነጋገረ፤ ያ የእርስዎ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው። ተስፋው ምን መሰለዎት? ለዚህ ዓይነቱ ሰው ይኼ፣ ለዚያ ዓይነቱ ያ ብለን እናዛምዳለን የሚል ነበር።

መምህሩ፦ አንደኛ ማን ወጣ?

ሲስተር፦ ሦስቱም ተቀራረቡ። የአራት ቀኑ ከ12 ሳምንቶቹ ብዙም አልራቀም። ማዛመድ የተባለውም በአብዛኛው አልሠራም፤ ቁጡ ሰው በአራቱ ንግግር የተሻለ መሆኑና አንዳንድ ጥቃቅን ነገር ተገኘ እንጂ።

መምህሩ፦ እንዴ! ሦስት ተማሪ እኩል ካመጣማ እኔ የማስበው ኩረጃ ነው።

ሲስተር፦ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም አንድ ነገር ኮርጀው ይሆናል፤ እሱን ነው መፈለግ ያለብን። በአንድ ነገር ብቻ ማኅበሩ ቀድሟል። ከቤታቸው እየተመላለሱ ከታከሙት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ጠብታ ያልቀመሱት በማኅበሩ በኩል 24 በመቶ፣ በሲ ቢ ቲ 15፣ በአራቱ ንግግር 14 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020ም 27 ጥናቶችና 10,565 ሰዎች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ጨርሶ በመተው በኩል ማኅበሩ ከሌሎቹ አልፏል፤ ቢያንስ አላነሰም።

መምህሩ፦ ማኅበሩ ምን ያደርጋል?

ሲስተር፦ ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ፣ አክረን በምትባል ከተማ አንድ የአክሲዮን ነጋዴና አንድ ቀዶ ሐኪም ጀመሩት፤ ሁለቱም ሰካራሞች ነበሩ። ባለሙያ የለውም፣ ክፍያ የለውም። የቆየው አዲሱን ይይዛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ሐራራ ቢነሳብዎ የሚደውሉለት ሰው አለ። ጽዋ የሌለበት የጽዋ ማኅበር ይበሉት።

መምህሩ፦ የኛን ልጅ የገደለው እኮ ያ ጽዋ ያለበት ነው። «የመላእክት ነው፣ አንድ ዋንጫ ጠላ ምን ይልሃል» እያሉ።

ሲስተር፦ ያውም በየወሩ።

መምህሩ፦ ያቺ ልጅ ሌላም ነግራኛለች። ሽንቱ ንጹሕ ለሆነ ሰው ገንዘብ ይሰጣሉ አለችኝ። ይኼ ቀልድ ነው አይደል?

ሲስተር፦ ቀልድ አይደለም። ቬርሞንት ውስጥ ሂጊንስ የሚባል ተመራማሪ ኮኬይን ለያዛቸው ሰዎች ሞከረው። ምርመራው ንጹሕ በሆነ ቁጥር ዕቃ የሚገዛ ኩፖን ይሰጣል፤ ንጹሕ በቆየ ቁጥር ኩፖኑ ያድጋል፣ ከወደቀ ወደ ታች ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት፣ ኩፖን ካገኙት 75 በመቶ 24ቱን ሳምንት ጨረሱ፤ ካላገኙት 40 በመቶ።

መምህሩ፦ ለመሽናት ደመወዝ! እኔ 38 ዓመት አስተምሬ...

ሲስተር፦ ተቆጡ አይደል? ሁሉም ይቆጣል። ለኮኬይንና ለመሰሉ አነቃቂ ነገሮች ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለው የለም። ሄሮይን ቢሆን ጥያቄው ሌላ ነው፤ እዚያ ሜታዶን የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ሰው ከሞት አትርፏል፣ ንግግር ብቻውን እሱን አይተካም። ችግሩ ኩፖኑ ሲቆም ጉልበቱም እየደከመ መሄዱ ነው። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ሽልማቱ ቶሎ መምጣት አለበት የሚለውን ነው። ልጁን «ከተውክ ከዓመት በኋላ ትዳር ትይዛለህ» ይሉታል። አረቄው ግን የሚከፍለው በአምስት ደቂቃ ነው።

መምህሩ፦ ይኼስ ኪኒን? አንዲት ጎረቤት እህቴን «መጠጥ የሚያስጠላ አለ፣ ወጥ ውስጥ ጨምሪበት» ብላታለች።

ሲስተር፦ ዳይሰልፊራም ይሆናል። በምንም ዓይነት! ያን የዋጠ ሰው መጠጥ ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፤ ሳያውቅ ብዙ ከጠጣ ሊሞት ይችላል። አውቆ፣ ወዶ፣ ሰው እያየው ከወሰደው ይረዳል። ናልትሬክሶን የሚባለው ደግሞ የመጠጡን ደስታ ያደበዝዛል፤ አንድ መለኪያ አምስት እንዳይሆን ያግዛል። ሐኪም ይወስነው።

መምህሩ፦ እሺ፣ የሬዲዮ ፕሮግራሙ ቀረ።

ሲስተር፦ እሱን አልነግርዎትም፣ እናድርገው። እርስዎ ልጁን ይሁኑ። ከዜሮ እስከ ዐሥር፣ መጠጡን ለመተው ምን ያህል ፈልገሃል?

መምህሩ፦ እሱ... አራት ይላል።

ሲስተር፦ ለምን ሁለት አልሆነም?

መምህሩ፦ ተሳሳትሽ። ለምን ስምንት አልሆነም ነው የሚባለው።

ሲስተር፦ ስምንት ያልሆነበትን ከጠየቅኩት መጠጡን የሚወድበትን ይደረድርልኛል። እየደረደረ ራሱን ያሳምናል። ሁለት ያልሆነበትን ግን ይመልሱልኝ።

መምህሩ፦ (ስኒውን አስቀምጠው ቆየት ካሉ በኋላ) እጄ አላሰምር አለኝ። ጠመኔው ይሰበርብኛል። ደግሞ ሌሊት እናቴ በር ላይ ቆማ ታዳምጠኛለች፣ እየተነፈስኩ መሆኔን። የተኛሁ ይመስላታል። ነጠላዋ በሩን ሲነካ እሰማለሁ።

ሲስተር፦ ልጁ አናጺ ነው ብለውኝ ነበር ጋሼ። ጠመኔ የማን ነው?

መምህሩ፦ የኔ ነው።

ሲስተር፦ እናውቅ ነበር።

መምህሩ፦ ማን? ተማሪዎቹ?

ሲስተር፦ የሚንት ከረሜላ ነበረዎት። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት። ሁሉም ይወድዎት ስለነበር ማንም አልተናገረም።

መምህሩ፦ ... እንግዲህ ካወቅሽ ልንገርሽ። እኔም እንዲህ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦብኛል። አባቴ ጉልበቴ ላይ ወድቀው አለቀሱ። ሚካኤል ደጅ ወስደው አስገዘቱኝ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ጠብታ አልቀመስኩም። ከዚያ የወንድሜ ሰርግ ላይ አንድ ብርሌ ጠጅ አነሳሁ። አንድ። ግማሹን እንደጠጣሁ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ፤ «ግዝቱ ፈረሰ፣ እንግዲህ ምን ቀረኝ» አልኩ። በዚያው ሰርግ ሳይነጋ ተሸክመው ወሰዱኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልረገጥኩም። ሚካኤልን በሌላ መንገድ ነበር የማልፈው።

ሲስተር፦ ያሰቡትን ነገር ስም አውጥተውለታል። ማርላት የሚባል የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ከባልደረባው ጋር መጽሐፍ ጻፈበት። ሰውን የሚጥለው የመጀመሪያው ብርሌ ሳይሆን ከብርሌው በኋላ ለራሱ የሚነግረው ነው አለ። «አበቃልኝ» ያለ ሰው ጋኑን ይገለብጣል። «ተሰናከልኩ፣ ምን ሰዓት ላይ ነው የተሰናከልኩት?» ያለ ሰው አንዱ ላይ ሊያቆም ይችላል። ሲ ቢ ቲ ስንል ግማሹ ሥራ ይኼ ነው፤ ሰውዬው ገና ሳይወድቅ፣ የወደቀ ዕለት ምን እንደሚያደርግ ያስጽፉታል። ወረቀቱን ኪሱ ይይዘዋል።

መምህሩ፦ እኔ ኪሴ ውስጥ ግዝት ነበረኝ።

ሲስተር፦ ካህኑ ዘንድ ቢሄዱ ይፈቱዎት ነበር እኮ።

መምህሩ፦ አሁን አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያኗ ለወደቀ ሰው ንስሐ አላት፣ ያውም ቁጥር የሌለው። ዘመዶቼ ከእርሷ የወሰዱልኝ ግን ግዝቱን ብቻ ነበር።

ሲስተር፦ ታዲያ እንዴት ተዉት? እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከረሜላው ቀረ።

መምህሩ፦ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ጴንጤ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጴንጤ አልወድም። አንድ ቀን 11 ሰዓት ላይ ሲደወል በር ላይ ቆሞ «በእግር እንሂድ» አለኝ። ጠጅ ቤቱን አልፈን ቤቴ አደረሰኝ። በማግስቱም መጣ። ስለ መጠጥ አንድ ቃል አላወራም፤ ስለ ናይል ተፋሰስ ነበር የሚያወራው፣ ጭንቅላቴን እስኪያመኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አመለጥኩትና ጠጣሁ። በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሟል። «ትናንት የት ነበርክ?» እንኳ አላለኝም። ጣና ላይ ነበርን፣ ከዚያ ቀጠለ።

ሲስተር፦ ስንት ጊዜ ወደቁ?

መምህሩ፦ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ቆጥሬዋለሁ። 11 ጊዜ። እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። መጨረሻው ከገና በፊት ነበር።

ሲስተር፦ ሦስቱ ተማሪዎች የኮረጁት ይኼን ይመስለኛል ጋሼ። ሦስቱም ውስጥ በቀጠሮው የሚመጣ፣ የማይቆጣ፣ በወደቁ ማግስትም የሚገኝ ሰው አለ። ያንን የአራቱን ንግግር ዘዴ ያመጣው ሚለር የሚባል ሰው ነው፤ እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ አማካሪው ጠጪውን በሞገተው መጠን ጠጪው ከዓመት በኋላ የበለጠ ሲጠጣ ተገኝቷል። እሁድ ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ አንድ ልጅ ሲወቅስ ያስቡት።

መምህሩ፦ እንግዲያው ሥነ ልቦና ያልተማረም ይችላል ማለት ነው?

ሲስተር፦ ሠልጥኖ ከሆነ፣ ለቀላሉ ደረጃ ይችላል። ሕንድ፣ ጎአ ውስጥ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎችን አሠልጥነው ጤና ጣቢያ ላይ አስቀመጧቸው። መጠጥ የጎዳቸውን 377 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ቢበዛ አራት ጊዜ አነጋገሯቸው። ከሦስት ወር በኋላ ከተነጋገሩት 36 በመቶ፣ ካልተነጋገሩት 26 በመቶ ከጎጂ አጠጣጥ ወጥተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ነው። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ አገሩ ሰፊ ሲሆን ግን ብዙ ሰው ነው። እነዚያ ግን እንደ ልጃችን እጃቸው ሻይ ማንሳት ያቃተው አልነበሩም። ለሱ ሐኪም ይቅደም።

መምህሩ፦ የአክስቱ ልጅ ገንዘብስ? ማገገሚያው?

ሲስተር፦ ጥሩ ከተገኘ ይግባ። እኔ ግን የምጠይቀው ስንት ቀን ይተኛል ብዬ አይደለም። የወጣ ዕለት ማታ ማን አለው? ቅዳሜ ደመወዝ ሲቀበል፣ ጫት የሚቅሙት ጓደኞቹ ሲደውሉ? ገንዘቡ ለወር ማገገሚያ ብቻ ከሆነ ግማሹን ለመመላለሻና ለመድኃኒት አስቀሩት። መሣሪያዎቹንም ሸጦ ከሆነ አንዱን መልሱለት፣ ንጹሕ ሁለት ሳምንት ሲሞላው። መላጊያውን። ያ ኩፖኑ ነው።

መምህሩ፦ (ወረቀቱን አጥፈው) አንደኛ የወጣ የለም ልበላቸው?

ሲስተር፦ ሰኞ በ1 ሰዓት ካርድ ክፍሉ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ ብላለች ይበሏቸው። የሚያክመውን ሐኪም አነጋግራለሁ። እስከዚያ ቢጥለው፣ ቢያተኩሰው ወይም የሌለ ነገር ቢያይ ሰኞን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ምግብ ይብላ፣ ሾርባም ቢሆን። የጠዋቱን መለኪያ ግን ቅዳሜና እሁድ እንዳትከለክሉት።

መምህሩ፦ ገንዘብ የለውም፤ የእህቴ ባልም አረቄ ቤቶቹን ሁሉ አስጠንቅቋል። እኔው ልግዛለት?

ሲስተር፦ ይገዛለት። እርስዎ ግን አይግዙ ጋሼ፤ እህትዎ ትግዛለት።